በሩ የሚዘጋ ክፍል

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት ጥቂት ተስተካክሎ)



ኮሚቴው «ስለ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት አንድ ነገር ንገሪን» ብሎ ደወለልኝ። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን አንዱን ጥግ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። በትምህርት ቤት «ሴታሴት»፣ «ወንዳወንድ» እየተባሉ ስለሚያድጉ ልጆች ነው የማወራው። ከእነሱ መካከል በእውነትም ልባቸው ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚያደላ አሉ፤ ስለ እነሱም አወራለሁ። ርዕሱን ሳሳውቅ አንድ የኮሚቴ አባል ወዳጄ «ምነው፣ ሌላ የሚወራ ጠፋ?» አለኝ። ሌላ የሚወራ አልጠፋም። ይሄን የሚያወራ ነው የጠፋው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። የመጣሁት ሕግ ለማስለወጥ አይደለም፤ የማንንም ሃይማኖት ለመንካትም አይደለም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ቄስ አለ፣ ሐጂ አለ፣ ፓስተር አለ፣ ሐኪም አለ። ሁላችሁም የየራሳችሁ አቋም አላችሁ፤ እኔም የራሴ አለኝ። የእኔ ጥያቄ ግን ከዚያ ሁሉ የሚቀድም ነው፦ ይህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዛሬ በሰላም አድሮ ነገ ጠዋት ክፍል ይገባል ወይስ አይገባም?

ሳጉሬን ለማታውቁ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት። ጭላሎ ከአጠገቧ፣ ዙሪያዋን ስንዴና ገብስ፣ ብርዱ ደግሞ እንዳለ ነው። አርሲ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሯጭ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ እጁን ጠጋ አድርጎ የሚይዘው በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ስለለመደበት ነው ይባላል። እኔ ይሄን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይሸፍንብናል። ዛሬ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ብዙውን ጊዜ አይሮጥም፤ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ነው የሚቀመጠው።

ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ማታ ከቤታቸው ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ድንች። አንድ ፍራሽ ለሁለት ነው። አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ ለሻማ ወይም ለካርድ ያዋጣል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት ይመለሳሉ። ይሄ ደባልነት ለልጁ ቤቱ ነው፣ ምግቡ ነው፣ ጥናቱ ነው። ስለዚህ ስም ሲወጣበት የሚያጣው ክብሩን ብቻ አይደለም፤ ማደሪያውን ነው። በውጭ አገር ስለ እንደዚህ ዓይነት ተማሪዎች ድጋፍ የተጻፉ መመሪያዎችን አንብቤአለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ነገር አላቸው። ስለ ክበብ፣ ስለ ፖስተር፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ይናገራሉ። ሳጉሬ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ፍራሽ ነው።

እስኪ ልንገራችሁ። ልጆቹን ማንም እንዳይለያቸው ዓመቱንም፣ ክፍሉንም፣ ዝርዝሩንም ቀያይሬዋለሁ። ትምህርት ቤቱንም አልጠራም።

ድምፁ ቀጠን ያለ፣ ልብሱን አጥቦ ተጠንቅቆ የሚለብስ ልጅ ነበር። ምግብ የሚያበስለው እሱ ነው፤ ሙያ ነበረው። መጀመሪያ ደባሎቹ ይኮሩበት ነበር፤ «የእኛ ቤት ሽሮ» እያሉ። ከዚያ አንድ የሌላ ክፍል ልጅ «ሴታሴት» አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ አብሮት የሚተኛው ልጅ ፍራሹን ለየ፤ አብሮት መታየቱ እሱንም ያስጠረጥረዋላ። በመጨረሻ ረቡዕ ቀን፣ በሳምንቱ አጋማሽ፣ ቦርሳውና የዱቄት ከረጢቱ በር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ማንም አልመታውም። «ሂድ» ያለውም የለም። በሩ ብቻ አልተከፈተም።

እኔ ቢሮ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የመጣውም «ሆዴን ያመኛል» ብሎ። ይሄን እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች ታውቁታላችሁ። የእኛ ልጅ «ተጨንቄአለሁ» አይልም። «ልቤን ይወጋኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚለው። ጤና ጣቢያ ልከነው ነበር፤ የሆድ ትል መድኃኒት ተሰጥቶት ተመለሰ። ጤና ጣቢያው አላጠፋም፤ ልጁ የተናገረው ሆዱን ነው።

«ደባሎችህ ደህና ናቸው?» አልኩት። ዝም አለ። በሩን አየው። የዚያን ጊዜ የምክር ክፍሌ ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጋር በኮምፔርሳቶ የተከፈለ ነበር፤ ወዲያኛው ክፍል የሚያስለው ሰው ይሰማል። ተነሥተን ወደ ትምህርት ቤቱ የባሕር ዛፍ ጥግ ሄድን። እዚያ ነው «ቲቸር፣ ለማንም አይነግሩም አይደል?» ያለኝ።

ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ይሄን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። «ታዲያ በእውነት እንደዚያ ነበር?» ይሉኛል። አላውቅም። ማወቅም አላስፈለገኝም። የሚተኛበት ቦታ የሌለው፣ ለሁለት ሳምንት በቀን አንዴ የበላ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ልጅ ፊቴ አለ። ለዚያ የሚያስፈልገኝን አውቄአለሁ። ያንን ሳምንት የሠራነው ሥራ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ውስጥ የለም፦ ሁለት ልጆች የምታኖር አንዲት የጠላ ቤት ባለቤት እናት ዘንድ ቦታ ፈለግንለት። እሷ ስለ ልጁ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ይሰክራል?» አይሰክርም። «ይግባ» አለች። ከደባሎቹ ጋር ያደረግነው ንግግር ረዥም ነበር፤ አሁን አልገባበትም። አንደኛው አልቅሷል። እሱም ፈርቶ ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን ወንጀል ያደርጋል። ይሄ እውነት ነው፤ ከልጆቹም አልደብቀውም። ግን ሕጉ ምን እንደሚል በደንብ እንይ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ስለ ድምፅ አይናገርም። ስለ አካሄድ፣ ስለ ልብስ አጠባ፣ ስለ ሽሮ አሠራር፣ በልብ ውስጥ ስላለ ነገርም አይናገርም። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ «ሕጉ እኮ…» እያልን የምንቀጣው ልጅ ግን ምንም ድርጊት የለበትም፤ የተቀጣው በድምፁ ነው። የሕግ ባለሙያዎች እዚህ አላችሁ፤ ከሰሌዳ ላይ ስድብ ወደ ፍርድ የሚያሻግር ድልድይ ካለ አሳዩኝ።

ያው ሕግ በአንቀጽ 630 ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ ተበዳዩ ከጭንቀት፣ ከኀፍረት ወይም ከተስፋ መቁረጥ የተነሣ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ የሚል አለበት። ሕግ አውጪው ኀፍረት ሰው እንደሚገድል ያውቅ ነበር ማለት ነው። የእኛ ዲሲፕሊን ኮሚቴዎች ያንን ያህል ቢያውቁ ይበቃኝ ነበር።

ቃሉ ሌላም ልጅ ያፍናል፤ ይሄኛው ይበልጥ ያንገበግበኛል። በትልቅ ሰው የተደፈረ ወንድ ልጅ ማለቴ ነው። ሕጉ ለእሱ ከለላ አለው፤ አንቀጽ 631 በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ለብቻው ነጥሎ በከባድ ቅጣት ያስቀጣል። ልጁ ግን አይናገርም። ለምን? ቢናገር የሚወጣበት ስም ከደፋሪው ጋር አንድ ነው። በየጊዜው «ልጆቻችንን ከግብረ ሰዶም እንጠብቅ» የሚል ስብሰባ ይደረጋል፤ በሚኒ ሚዲያ ሳይቀር ይነገራል። ሐሳቡ ልጅ ለመጠበቅ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ደፋሪንና ቀጭን ድምፅ ያለውን ተማሪ በአንድ ቃል ከጠራን፣ የተደፈረው ልጅ ያንን ቃል ይሰማና አፉን ይዘጋል። እንደዚህ ዓይነት ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ይዞት ከርሞ የነገረኝ አለ። የነገረኝ ቀን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ «ቲቸር፣ እኔ እንደዚያ አይደለሁም» የሚል ነበር። ተበድሎ የመጣ ልጅ መከላከያ ይዞ ነው የሚመጣው። አስቡት።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይወራም። አርሲ ሴት ልጅ ስትሮጥ አገር ያጨበጭብላታል፤ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ጡንቻ ያወጣች ልጅ ግን ሜዳልያ እስክታመጣ ድረስ «ወንዳወንድ» ናት። በዚህ ላይ ሴቷ ላይ የሚወሰደው እርምጃ ከክፍል ማስወጣት አይደለም፤ መዳር ነው።

አንዲት ተማሪ ለጓደኛዋ የጻፈችው ወረቀት ተገኘ። ደብተር መሃል። ምን እንደሚል አልነግራችሁም፤ እኔም ሙሉውን አላነበብኩትም። ያገኘው መምህር ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ከሰንደቅ ዓላማው በኋላ፣ ይነበብ አለ። «ለሌሎች ማስተማሪያ ይሁን።» ዳይሬክተሩም አላመነታም። እኔ ምን አልኩ? ስለ ፍቅር አልተከራከርኩም፤ እዚያ ብገባ እሸነፍ ነበር። ሕገ መንግሥቱን ነው ያወጣሁት። አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ደብዳቤና ጽሑፍ አይደፈርም ይላል። አንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ በትምህርት ቤት ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ አያያዝ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። «ሰልፍ ላይ ከተነበበ በኋላ ይህች ልጅ አንድ ነገር ብትሆን፣ የማን ፊርማ ነው የሚፈለገው?» አልኩ። ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ታሸገ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ያሸነፈው አንቀጹ ይሁን ፊርማው እርግጠኛ አይደለሁም።

ወሬው ግን ቤት ደርሷል። አባቷ ባል አዘጋጅተዋል። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ እሷ 18 አልሞላትም። ለአባትየው የነገርኳቸው እውነት ነው፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ልጅቷ በጭንቀት ታማለች፣ እንቅልፍ አጥታለች፣ ክትትል ያስፈልጋታል፣ ትምህርቷ ጥሩ ነው አልኳቸው። እርቁን የሠራችው አክስቷ ናት፤ አሰላ የምትኖር ነጋዴ። «እኔ ጋ ሆና ትማር፣ ሱቅም ታግዘኛለች» አለች። አክስትየው ምን ያህል እንደገባት አላውቅም። ልጅቷን ይዛ ስትሄድ ግን «ልጅ ልጅ ነው» ብላኝ ነው የሄደችው። እኔ በዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በየቤተሰቡ ውስጥ አንዲት እንደዚች ያለች አክስት አለች። እሷን ማግኘት ግማሽ ሥራ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ነገሩ ከበደ። በዚያ ነሐሴ የአዲስ አበባ ፖሊስ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን ለሕዝብ አሳወቀ፤ ጥቆማም ጠየቀ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «እንደዚህ ናቸው፣ አግኟቸው» የሚል ዘመቻ ተነሥቶ ነበር። ያ ሁሉ አዲስ አበባ ነው ትሉኛላችሁ። ስልኩ ግን ሳጉሬ ነው ያለው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የክፍል ጓደኛውን ፎቶ በስውር አንሥቶ ጽሑፍ የሚጨምርበት ልጅ መጣ፤ ቪዲዮው በምሳ ሰዓት ውስጥ ይዳረሳል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ስድብ በዳስተር ይጠፋል። ይሄኛው በምን ይጠፋል?

በዚያው መስከረም አንድ ወንድ ልጅ መጥቶ በግልጽ ነገረኝ። ከነገሩኝ ጥቂቶች አንዱ ነው። «በሽታ ከሆነ መድኃኒቱን ይንገሩኝ» አለ። ጾሟል፣ ሰግዷል፣ ተገርፏልም፤ የገረፈው ራሱን ነው። ለእሱ የመለስኩለት ለእናንተም የምነግራችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ከበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አውጥቶታል። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር ከዚያ ቀድሞ በ1973 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። የዓለም የሳይካትሪ ማኅበር ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ «እናስተካክላለን» የሚሉ ሕክምናዎች እንደማይሠሩና እንደሚጎዱ ተናግሯል። ስለዚህ «በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም የለኝም» አልኩት። «አለመተኛትህ ግን፣ አለመብላትህ፣ ራስህን መጥላትህ፣ እሱ በሽታ ነው፤ ለእሱ መድኃኒት አለ።» ይሄ ልዩነት ለባለሙያ ቀላል ይመስላል። ለእሱ ግን የመጀመሪያው እንቅልፍ ነበር።

ስለ ሃይማኖት ቤቶች አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እኔ አይደለም። ወደ ጸበል፣ ወደ ሩቂያ፣ ወደ ጸሎት ነው። ከዚህ ጋር ግብግብ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ልጁ ጸበል ቢጠጣ ምን እሆናለሁ? የምለምነው ሁለት ነገር ነው፦ አይታሰር፣ አይመታ፤ የጀመረው መድኃኒት ካለ አይቋረጥ። ደግሞ የንስሐ አባት ምስጢር አያወጣም፤ ይሄን ሕዝባችን ያውቃል፣ ያከብራልም። ሐኪምም፣ ነርስም፣ ጠበቃም በሙያው ያወቀውን ምስጢር ካወጣ በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል። ታዲያ መምህር ምነው የሰማውን ሁሉ ስታፍ ሩም ላይ በሻይ የሚያወራርደው? ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጠላት አይደለም። አዛኝ መስሎ «እስቲ ለቤተሰቡ ልንገርለት» የሚለው ሰው ነው። አንዳንድ ልጅ ቤተሰቡ ያወቀ ዕለት ቤት አይኖረውም። መቼ፣ ለማን፣ ምን ያህል ይነገር የሚለውን የሚወስነው ልጁ ራሱ ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም የምንናገረው አደጋውን እንጂ ምስጢሩን አይደለም።

አደጋውን እንዴት እናውቃለን? እንጠይቃለን። በግልጽ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለን። ብዙ መምህር «ብጠይቀው አስታውሰዋለሁ» ብሎ ይፈራል። ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልም፤ ሐሳቡ ካለ የሚጋራው ሰው ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ደግሞ ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ስንት እንደሚሆን አስሉት፤ አብዛኞቹ እዚህ ከማወራው ጉዳይ ጋር ምንም የማይገናኙ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ያው ክፍል፣ ያው በር ነው።

የእኛ አገር ስንዴ አገር ነው። የአረምና የተባይ መድኃኒት በየቤቱ አልጋ ሥር አለ። አባቶችን ሳገኝ ስለ ልጃቸው ልብ ከመናገሬ በፊት «መድኃኒቱን ቆልፉበት፣ ቁልፉን እርስዎ ይያዙ» እላለሁ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስሪላንካ በጣም መርዛማ የሆኑትን የእርሻ መድኃኒቶች ደረጃ በደረጃ ከገበያ ካስወጣች በኋላ ራስን የማጥፋት ሞት በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሰዎቹ ሐዘናቸው አልጠፋም ይሆናል፤ ክፉዋ ሰዓት ግን እጃቸው ባዶ ሆኖ አለፈች። የግብርና ተመራቂዎች፣ ይሄ የእናንተም ሥራ ነው።

«ባለሙያ የለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ጥቂት ነን። የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሰላ ሆስፒታል አለ፤ የባሰበትን ወደዚያ እንልካለን፤ የትራንስፖርቱን እኛው እናዋጣለን። ግን ሁሉም ልጅ ሐኪም አያስፈልገውም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ አለ፤ የአካባቢ አሮጊቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ ይላል። እነሱ በሽታውን በላቲን ስም አይጠሩትም፤ በሾና ቋንቋ «ሐሳብ መብዛት» ነው የሚሉት። እኛስ «ሐሳብ በዝቶብኛል» አይደል የምንለው? በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ በአሮጊቶቹ የታዩት ሰዎች የድብርት ምልክት ከሌሎቹ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። ወንበር፣ ሰው፣ ጊዜ። ያቺን የጠላ ቤት እናት አስታወሳችሁ? ሳትሠለጥን ሠርታዋለች።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልለምን። ማኅበራችን ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተርና መጽሐፍ ይሰጣል፤ ይቀጥል። በዚህ ዓመት ግን ከአርሲ ለተመረጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምክር ክፍል እንሥራላቸው። ትልቅ ነገር አይደለም። የብሎኬት ግድግዳ፣ ኮምፔርሳቶ ያልሆነ፤ መስኮቱ ወደ ሜዳው የማያይ፤ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ፤ ሁለት ወንበር። ከበሩ ውጭ «የተማሪዎች አገልግሎት» ይባል፤ ስኮላርሺፕም፣ የደብተር ድጋፍም፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያም እዚያው ይሰጥ። ያኔ የሚገባው ልጅ ለምን እንደገባ ማንም አያውቅም። ይሄን የኋለኛውን ሐሳብ ተማሪዎች ናቸው የነገሩኝ። «ምክር» የሚል ታፔላ ያለበት ክፍል የገባ ልጅ ሲወጣ ስም ይዞ ነው የሚወጣው አሉኝ።

ዳኞች፣ ፖሊስ ውስጥ ያላችሁ፣ አንድ ተማሪ በዛቻና በገንዘብ መጠየቅ ሲያዝ፣ «ካልከፈልክ ለሰው እናገራለሁ» ሲባል፣ ወደ እናንተ የሚመጣበት መንገድ ይኑረው። ዛሬ የለውም፤ አቤት ቢል ተከሳሽ የሚሆን ይመስለዋል። መምህራን፣ ክፍላችሁ ውስጥ ስድቡን ስትሰሙ ንግግር አታድርጉ። «እዚህ ክፍል ይሄ ቃል አይነገርም» ብላችሁ ትምህርቱን ቀጥሉ። አጭር ይሁን። ረዥም ንግግር ሁሉም ዞሮ ያንን ልጅ እንዲያየው ያደርጋል።

ውጭ አገር የምትኖሩ የማኅበራችን አባላት፣ ከመካከላችሁ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የበለጠ የምታውቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ለምን ወደ አገር እንደማትመላለሱም እገምታለሁ። አልጠይቃችሁም። ገንዘብ ከመላክ ሌላ ልትሠሩ የምትችሉት ነገር ካለ ግን ጻፉልኝ። ደብዳቤው እኔ ጋ ይቀራል።

ያ ሽሮ የሚሠራው ልጅ ምን ሆነ የሚል ካለ፣ አሥራ ሁለተኛን ተፈትኗል። ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም፤ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ። አሁን ከሳጉሬ ወጥቶ ሌላ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። ለዓመት በዓል ይደውልልኛል። ስለ ምን እንዳወራን አልነግራችሁም።

የክፍሉን ሥራ ግምት የሠራው የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ ወንድማችን ወረቀቱን ይዞ መጥቷል፤ ከምሳ በኋላ ከምዝገባው ጠረጴዛ አጠገብ ታገኙታላችሁ። እኔም እዚያው ነኝ። ጥያቄ በአዳራሽ መጠየቅ የማይመቻችሁ ከሆነ ውጭ በረንዳው ላይ ወንበር አለ።